የማማው ወጪ በማን፣ የፋይበሩ ኪራይ ለማን?

ጥያቄ፦ «በከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመሮች ላይ የተዘረጋው ፋይበር (መረጃ የሚያስተላልፍ የመስታወት ክር) ለቴሌኮም ኩባንያዎች እንደሚከራይ፣ በኮምፒውተር ዲጂታል ገንዘብ ለሚያመርቱ ቢትኮይን አውጪዎችም ኃይል እንደሚሸጥ አንብቤአለሁ። ኢትዮ ቴሌኮም ደግሞ ከስልክ አልፎ በቴሌብር ገንዘብ ያስተላልፋል፣ ያበድራል። የእኔ የመብራት ቢል ግን በየሦስት ወሩ ይጨምራል እንጂ ሲቀንስ አላየሁም። እነዚህ ድርጅቶች ከተቋቋሙበት ሥራ ውጭ እንዳይነግዱ መከልከል አይሻልም? ካልተከለከሉስ ትርፋቸው ለምን ቢላችን ላይ አይታይም? አንድ ጓደኛዬ ‹ሁሉም የመንግሥት ነው፤ ከአንዱ ኪስ ወጥቶ ሌላው ኪስ ቢገባ ምን ለውጥ አለው?› ይለኛል።»

ምላሽ፦ በጥያቄው ውስጥ ሦስት የማይመሳሰሉ ነገሮች በአንድ ስልቻ ገብተዋል። ለቢትኮይን አውጪዎች ኃይል መሸጥ የጎን ንግድ አይደለም። ገዢው ማንም ይሁን፣ ሻጩ የሸጠው የተቋቋመበትን ዕቃ፣ ኪሎዋት ሰዓትን ነው። እዚያ ላይ መጠየቅ ያለበት ዋጋው ወጪውን ይሸፍናል ወይ፣ ኃይሉስ ለቤትና ለፋብሪካ ከሚያስፈልገው የተረፈ ነው ወይ የሚለው ነው። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ቦታው ግን ከታሪፍ ክርክር ውስጥ ነው። ፋይበር ማከራየት የጎን ንግድ ነው፤ ለኤሌክትሪክ በተተከለ ማማ ላይ ለሌላ ገበያ የሚቀርብ አገልግሎት ነውና። ቴሌብርም የጎን ንግድ ነው፤ ሆኖም ከፋይበሩ ጋር የሚጋራው ይህን ስም ብቻ ነው። ፋይበር ቢከፋ ቢከፋ ሳይከራይ ይቀራል። የገንዘብ አገልግሎት ግን ከተናጋ ብዙ ነገር ይዞ ሊናጋ ይችላል። ሁለቱን በአንድ ደንብ ለመግዛት የሚሞክር ተቆጣጣሪ አንዱን ያለ ጥፋቱ ያንቃል፣ ሌላውን ያለ ልጓም ይለቃል።

የጓደኛዎን የኪስ አባባል ደግሞ ብዙ ባለሥልጣናትም ሲሉት ሰምቻለሁ፤ ስህተት ነው። ኪሶቹ የአንድ ሰው አይደሉም። ለመብራት የሚከፍለው ቆጣሪ ያለው ሰው ነው። ግብር የሚከፍሉት ግን መብራት ያልገባላቸው ገበሬዎችም ናቸው። የመብራት ደንበኛ የከፈለው ገንዘብ የቴሌኮም ንግድን ካደጎመ፣ ቆጣሪ ያለው ሰው ሳያውቅ ሌላ ግብር ተጣለበት ማለት ነው። በተቃራኒው የጎን ንግዱ ኪሳራ በመንግሥት በጀት ከተሸፈነ፣ መብራት አይቶ የማያውቀው ገበሬ ከፈለ ማለት ነው። በዚህ ላይ ተወዳዳሪዎች አሉ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር፣ የኢትዮ ቴሌኮም የውስጥ ሂሳብ የቤት ውስጥ ጉዳይ መሆኑ አበቃ። ባለአክሲዮኖችም መጥተዋል፦ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን በ300 ብር የአክሲዮን ዋጋ ለሕዝብ ሽያጭ አቅርቧል። ገንዘቡን ያፈሰሰው ሰው የገዛው የስልክ ኩባንያ ነው ወይስ የስልክና የገንዘብ አገልግሎት ድብልቅ ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ትርፉ ቢል ላይ ለምን አይታይም ወደሚለው ልምጣ። መጀመሪያ አንድ ነገር ይታረም፤ ብዙ ሰው «መብራት ኃይል» የሚለው አንድ ድርጅት ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የለም። የቀድሞው ኮርፖሬሽን ለሁለት ተከፍሎ ግድቦቹና ከፍተኛ ማስተላለፊያ መስመሮቹ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ማከፋፈሉና ቢል መሰብሰቡ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተሰጥቷል። ፋይበሩ የተዘረጋው በመጀመሪያው ድርጅት ማማ ላይ ነው፤ ቢሉን የሚልክልዎት ሁለተኛው ነው። ስለዚህ የፋይበሩ ኪራይ እርስዎ ቤት ለመድረስ ሁለት በር ማለፍ አለበት። በመጀመሪያ ኃይሉ ለአከፋፋዩ የሚሸጥበትን የጅምላ ዋጋ መቀነስ አለበት፤ ቀጥሎ አከፋፋዩ ያንን ቅናሽ ወደ ችርቻሮ ታሪፉ ማስገባት አለበት። ከሁለቱ አንዱ በር ከተዘጋ ገንዘቡ መንገድ ላይ ይቀራል።

ታሪፍ የሚሰላበት መንገድ በመርሁ ቀላል ነው። ድርጅቱ ለሥራ ማስኬጃ፣ ለጥገና፣ ለዕቃ እርጅና፣ ለብድርና ለወለድ የሚያስፈልገው ገንዘብ ይደመራል፤ ድምሩ ይሸጣል ተብሎ ለሚታሰበው ኪሎዋት ሰዓት ይካፈላል። ከድምሩ ላይ «ሌላ ገቢ» ተብሎ የሚቀነስ መስመር ካለ፣ የጎን ንግዱ ታሪፉን ያቀልላል። መስመሩ ከሌለ አያቀልልም። የሚቀነሰው ማንም ደግ ስለሆነ አይደለም፤ ደንቡ ቀንስ ስለሚል ነው። ደንቡ ዝም ካለ፣ ትርፉ ሥራውን የጀመረው ድርጅት ዘንድ ይቀራል፤ ሕገ ወጥም አይደለም።

በእኛ አገር ደግሞ አንድ ተጨማሪ እውነት አለ። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ለብዙ ዓመታት ከወጪው በታች ቆይቷል። በመስከረም 2017 ዓ.ም. የተጀመረውና በአራት ዓመት ውስጥ በየሦስት ወሩ ከፍ የሚለው ታሪፍ የመጣው ይህን ክፍተት ለመዝጋት ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመራ ሲደረግ፣ በውጭ ምንዛሪ የተወሰደ ብድር በብር ሲሰላ በጣም አበጠ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የጎን ገቢ መጀመሪያ የሚሞላው ጉድጓድ ነው። ስለዚህ የፋይበር ኪራይ ቢልዎን እንዲቀንስ አይጠብቁ። በትክክል ከተያዘ የሚያደርገው ነገር ሊጨምር የነበረውን ያህል እንዳይጨምር ማድረግ ነው። ይህ ጥቅም በዓይን አይታይም፤ እውነተኛነቱ ግን በሂሳብ መዝገብ ሊረጋገጥ ይችላል፣ መረጋገጥም አለበት።

ማማውን ቀረብ ብለን እንየው። በከፍተኛ መስመር ማማ ጫፍ ላይ፣ ከኃይል ተሸካሚዎቹ ሽቦዎች በላይ፣ መብረቅን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ አለ። ዛሬ ይህ ሽቦ በሆዱ ውስጥ ጸጉር የሚያካክሉ የመስታወት ክሮች ይዞ ይመረታል። የተወሰኑት ክሮች የማከፋፈያ ጣቢያዎችን ከመቆጣጠሪያ ማዕከል ጋር ያገናኛሉ። ያለ እነርሱ ማዕከሉ የትኛው ጣቢያ ምን ላይ እንዳለ አያይም። የቀሩት ትርፍ ናቸው፤ የሚከራዩት እነዚህ ናቸው።

ለምሳሌ ብቻ ቁጥር ልስጥ። መስመሩን ከነማማው መዘርጋት 1 ቢሊዮን ብር ይፍጅ። ፋይበር የሌለውን ሽቦ ትቶ ፋይበር ያለውን መምረጥ ተጨማሪ 40 ሚሊዮን ይጠይቅ። የቴሌኮም ኩባንያው በዚያው መንገድ ራሱ ቆፍሮ ፋይበር ቢቀብር ደግሞ 300 ሚሊዮን ያወጣ ነበር እንበል። የፋይበሩ ንግድ ከጠቅላላው ወጪ ምን ያህሉን ይሸከም? የንግዱ ኃላፊዎች «40 ሚሊዮን፤ ማማው ለመብራት ሲባል የግድ ይተከል ነበር» ይላሉ። እውነት ነው፤ ግን በዚህ ስሌት መብራት ከፋዩ ሙሉውን 1 ቢሊዮን ተሸክሞ ሌላው በነጻ ማማ ላይ ይነግዳል። የሸማቾች ጠበቃ ደግሞ «300 ሚሊዮን፤ ብቻችሁን ብትሆኑ ይህን ታወጡ ነበር» ይላል። ያኔ ንግዱ ማማውን በመጋራቱ ምንም አላተረፈም፤ ስለዚህ አይጀምርም፣ መብራት ከፋዩም ምንም አያገኝም። ልክ የሆነው ከሁለቱ መካከል ያለ ነው። በመጋራት የተቆጠበውን 260 ሚሊዮን እኩል ቢካፈሉ ፋይበሩ 170 ሚሊዮን ይሸከማል፤ መብራት ከፋዩ የሚሸከመው ከ1 ቢሊዮን ወደ 870 ሚሊዮን ይወርዳል። ክፍፍሉ እኩል ባይሆንም ተቆጣጣሪው ቁጥሩን አስቀድሞ ይወስን፣ በጽሑፍ ያስቀምጥ፣ ድርጅቱም በየዓመቱ እንደሚመቸው አይለዋውጠው። በዚህ መስክ ካየኋቸው ጭቅጭቆች አብዛኞቹ የተነሡት ቁጥሩ ከንግዱ በኋላ ስለተፈለገ ነው።

ወጪ በትልልቅ ውሳኔ ብቻ አይፈስም። ከዓመታት በፊት የአንድ አገልግሎት ሰጪ ድርጅት የሥራ ትዕዛዞችን አገላብጥ ነበር። አንድ የጥገና መኪና በወሩ ውስጥ 11 ቀን የወጣው ለግል አልሚዎች መስመር ለመዘርጋት ነው፤ ድርጅቱ በክፍያ የወሰደው የጎን ሥራ። ነዳጁ፣ የሾፌሩ አበልና የሁለት መስመር ሠራተኞች ደመወዝ ግን በሙሉ የተመዘገበው «መደበኛ ጥገና» በሚለው የሂሳብ ቁጥር ነበር። ገቢው ለብቻ ገባ፤ ወጪው ከታሪፍ ከፋዩ ወጪ ጋር ተቀላቀለ። ማንም አልሰረቀም። የሥራ ትዕዛዙ ላይ የጎን ሥራ የሚጻፍበት ሳጥን አልነበረም፤ ሾፌሩ ያለውን ሳጥን ሞላ። በዓመቱ መጨረሻ የጎን ሥራው እጅግ አትራፊ፣ ጥገናው ደግሞ እጅግ ውድ ሆኖ ታየ። ታሪፍ ይጨመርልን የሚለው ማመልከቻም ያንኑ የጥገና ቁጥር ይዞ መጣ። ቅጹ ላይ አንድ ሳጥን መጨመር ብዙ ገጽ መመሪያ ከማውጣት የበለጠ ሥራ የሚሠራባቸው ጊዜያት አሉ።

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ወጪ ነው። ከዚህ የከፋው አደጋ ብድርና ኪሳራ ነው፤ እዚህ ላይ አሜሪካኖች በውድ ዋጋ የገዙትን ትምህርት እኛ በነጻ ልንወስደው እንችላለን። ሳሙኤል ኢንሱል የሚባል እንግሊዝ ተወላጅ በቺካጎ ተነሥቶ በብዙ ግዛቶች የኤሌክትሪክ ኩባንያዎችን በኩባንያ ላይ በተደራረበ ኩባንያ ይዞ ነበር። የዚያ ዘመን ባለቤት ኩባንያዎች ከሥራቸው ያሉትን የመብራት ኩባንያዎች ለአስተዳደርና ለግንባታ አገልግሎት የተጋነነ ዋጋ ያስከፍሉ ነበር፤ ያ ዋጋ በመጨረሻ ቢል ላይ ያርፋል። እ.ኤ.አ. በ1932 የኢንሱል ግንብ ሲፈርስ ቁጠባቸውን አክሲዮን ላይ ያዋሉ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። በ1935 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የፈረሙት ሕግ ባለቤት ኩባንያዎች በአንድ የተያያዘ የኤሌክትሪክ ሥርዓትና ከእርሱ ጋር በቀጥታ በሚገናኝ ሥራ ላይ እንዲወሰኑ አስገደደ። እርስዎ «መከልከል አይሻልም?» ያሉት ይህንን ነው፤ ተሞክሯል።

ክልከላው ሁሉንም አልያዘም። እ.ኤ.አ. በ1986 የደቡብ ካሊፎርኒያ ጋዝ ባለቤት የሆነው፣ በኋላ ፓስፊክ ኢንተርፕራይዝስ የተባለው ኩባንያ ትሪፍቲ የተባለውን የመድኃኒት መደብሮች ሰንሰለት ገዛ። ጋዝ በቧንቧ ማከፋፈልና ሻምፖ በመደርደሪያ መሸጥ ምን እንደሚያገናኛቸው ያስረዳ ሰው አልተገኘም፤ በ1992 ሸጦት ወጣ። በ2005 የሩዝቬልት ሕግ ሲሻር ኩባንያዎችን የመግራቱ ሥራ በዋናነት በየግዛቱ ተቆጣጣሪዎች ትከሻ ላይ ወደቀ።

ከሁሉም የምወደው የአሜሪካዋ ግዛት የኦሪገን ታሪክ ነው። ኤንሮን የተባለው የኃይል ነጋዴ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 ፖርትላንድ ጀነራል ኤሌክትሪክ የተባለውን የመብራት ኩባንያ ሲገዛ፣ የግዛቲቱ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ግዢውን ያጸደቀው በቅድመ ሁኔታ ነበር። የመብራት ኩባንያው ከካፒታሉ ቢያንስ 48 በመቶው የባለቤት መዋጮ ሆኖ እንዲቆይ ተደረገ፤ ይህም ገንዘቡን ጠራርጎ ወደ እናት ኩባንያ ማሻገርን አገደ። ሂሳቡና ብድሩም የራሱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ ኤንሮን ሲከስር አምፖሎቹ መብራታቸውን አላቆሙም፤ የመብራት ኩባንያው ከኪሳራው ውጭ ሆኖ ዛሬም አለ። አጥሩ ግን ሁሉንም አላዳነም። የመብራት ኩባንያው ሠራተኞች የጡረታ ቁጠባቸውን በኤንሮን አክሲዮን ይዘው ስለነበር ብዙዎቹ አጡት። ደንበኞችም በየወሩ ቢላቸው ውስጥ «የገቢ ግብር» ተብሎ ሲታሰብባቸው ከኖረው ገንዘብ አብዛኛው ለመንግሥት ሳይደርስ ቀረ፤ እናት ኩባንያው የሌሎች ሥራዎቹን ኪሳራ እያካካሰበት ግብር አልከፈለበትምና። ኦሪገን በ2005 ለዚህ ብቻ ሕግ ማውጣት ግድ ሆነባት። አጥር ሲታጠር ከብቶቹን ብቻ ሳይሆን የውኃ መውረጃውንም ማየት ያስፈልጋል።

ታዲያ ለምን ክልከላን አልመክርም? ክልከላ ቀላል ነው፤ ለመቆጣጠር ምንም የሂሳብ እውቀት አይጠይቅም። ዋጋው ግን የማይታይ ነው። ማማው ላይ ያለው ትርፍ ክር ሳይከራይ ቢቀር፣ የቴሌኮም ኩባንያው በዚያው መንገድ ቦይ ይቆፍራል፤ አገር ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ በውጭ ምንዛሪ ትከፍላለች፤ መብራት ከፋዩ ሊጋራለት የሚችል ወጪ ብቻውን ይሸከማል። ሁሉንም የጎን ሥራ እንደ ወንጀል ማየት ቆጣቢነት አይደለም። በጀርመን ከተሞች የከተማው አገልግሎት ድርጅት በኤሌክትሪክና በጋዝ ያገኘውን ትርፍ የከተማ አውቶቡስና የሕዝብ መዋኛ ኪሳራ መሸፈኛ ያደርገዋል። ድጎማው በከተማው ምክር ቤት ፊት የሚታወቅ፣ የሚከራከሩበት ነገር ነው። ከስውር ድጎማ የሚለየውም ይህ ነው።

አሁን ቴሌብር። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው በኢትዮ ቴሌኮም ውስጥ እንደ አንድ አገልግሎት ሆኖ ነው። የራሱ ስምና ቀለም ስላለው የተለየ ኩባንያ ይመስላል፤ ስም ግን ኩባንያ አይደለም። «ያበድራል» ያሉትም መታረም አለበት። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ አነስተኛ ብድርና ቁጠባ ሲጀመር አጋሩ ዳሽን ባንክ ነበር፤ ሌሎች ባንኮች በኋላ መጡ። ደንበኛው በስልኩ የያዘው ገንዘብም በብሔራዊ ባንክ መመሪያ መሠረት በተመጣጣኝ ጥሬ ገንዘብ በባንክ ተይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ «ቴሌ ቢከስር በስልኬ ያለው ብር ይጠፋል» የሚለው ስጋት በዚህ መልኩ ትክክል አይደለም።

እውነተኛው ስጋት ሌላ ቦታ ነው። የማንኛውም ባንክ ደንበኛ ያለ ኢንተርኔት ገንዘብ ሲልክ፣ ኮከብ፣ ቁጥርና መሰላል ነክቶ የሚገባበት በር የቴሌኮሙ ንብረት ነው። ቴሌኮሙ ራሱ የገንዘብ አገልግሎት ሲኖረው፣ ለባንኩ በሩን የሚያከራየው ተፎካካሪው ነው ማለት ነው። በሩ ለባንኩ ስንት ነው? ለራሱስ በስንት አስቦ ይመዘግበዋል? መልሱ ካልታወቀ ቴሌብር ያሸነፈው በችሎታ ይሁን በባለቤትነት ማንም ሊናገር አይችልም። ደንበኛው ማን ጋ እንደሚደውል፣ ካርድ መቼ እንደሚሞላ፣ የት እንደሚውል የሚያሳየው መረጃም እንዲሁ ነው። ለብድር ምዘና እጅግ ጠቃሚ ነው፤ የተሰበሰበው ግን ሰዎች ስልክ ስለተጠቀሙ ነው። ጊዜም እዚህ ላይ አለ። ሳፋሪኮም በመጀመሪያ ፈቃዱ የገንዘብ አገልግሎት አልተፈቀደለትም፤ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ኤም ፔሳ በኢትዮጵያ የጀመረው ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ነው፤ ከቴሌብር ከሁለት ዓመት በላይ ዘግይቶ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የተገነባው የወኪልና የደንበኛ መረብ በአንድ መመሪያ አይመለስም።

ቴሌብርን አላወግዝም። ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው የተመዘገበበት፣ የባንክ ቅርንጫፍ ያላየ ሰው ገንዘብ የተቀበለበት አገልግሎት ነው፤ የአገር ሀብት ነው። ልክ ይህን ያህል ስለገዘፈ ነው በስልክ ኩባንያ የሂሳብ መዝገብ ውስጥ እንደ አንድ አምድ መቀመጥ የሌለበት። የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በአዋጅ 1148/2011 የቴሌኮሙን ገበያ ይቆጣጠራል፤ ብሔራዊ ባንክ የክፍያውን ሥርዓት ይቆጣጠራል። በሁለቱ መካከል ያለው የጋራ ወጪ፣ የጋራ ሠራተኛና የጋራ በር ግን በቀላሉ ሁለቱም ያንተ ነው የሚባባሉበት ቦታ ይሆናል። ኡጋንዳ ይህን እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣችው የክፍያ ሥርዓቶች ሕግ ፈታችው፦ የሞባይል ገንዘብ የሚሰጥ ቴሌኮም ለዚያ ሥራ ራሱን የቻለ ኩባንያ እንዲያቋቁም አዘዘች፤ ኤምቲኤን ኡጋንዳም የሞባይል ገንዘቡን ለብቻው ወደቆመ ኩባንያ አዛወረ። አገልግሎቱ አልተቋረጠም።

ምክሬ ይህ ነው። የጎን ሥራ ሁሉ በአንድ ሕግ አይገዛ። ያለውን ትርፍ ንብረት የሚያከራይ፣ አዲስ ብድር የማይጠይቅ ሥራ፣ እንደ ፋይበሩ ያለው፣ በድርጅቱ ውስጥ ይቆይ፤ የወጪ ድርሻው ግን በቅድሚያ ይወሰን፤ ከተጣራ ገቢውም አብላጫው በታሪፍ ስሌቱ ላይ ተቀናሽ ሆኖ ይግባ፣ የቀረው ለድርጅቱ ማበረታቻ ይተው። ምንም ካላተረፈበት ድርጅቱ ትርፍ ክሩን ለማከራየት አይለፋምና። የገንዘብ አገልግሎት፣ ወይም ሌላ የራሱ ብድርና የራሱ ኪሳራ ሊኖረው የሚችል ሥራ፣ ወደተለየ ኩባንያ ይውጣ፤ የራሱ ቦርድ፣ የራሱ ኦዲት ይኑረው። እናት ድርጅቱ ለእርሱ ብድር ዋስ መሆን፣ ንብረቱን ማስያዝ ይከልከል። ሁለቱ ሲገበያዩ፣ አገልግሎት ሰጪው ለእህት ኩባንያው ሲሸጥ ከወጪውና ከገበያ ዋጋው የሚበልጠውን ይጠይቅ፤ ከእርሱ ሲገዛ ከሁለቱ የሚያንሰውን ይክፈል። ለእህት ኩባንያው የከፈተውን በር በዚያው ዋጋ ለማንም ይክፈት። ከሥራው ጋር ፈጽሞ የማይገናኝ ንግድ፣ ሆቴል፣ የቤት ልማት፣ መደብር፣ በታሪፍ ከፋይ ገንዘብ አይጀመር። በዚህ ሦስተኛው ላይ ክልከላዎን ያለ ማመንታት እደግፋለሁ።

የእህት ኩባንያው ስምም ያስጠነቅቅ። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣችው ደንብ፣ የመብራት ኩባንያን ስምና ዓርማ የሚጠቀም እህት ኩባንያ፣ ከመብራት ኩባንያው የተለየ መሆኑን፣ የግዛቲቱ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን የማይቆጣጠረው መሆኑንና ደንበኛው ከእርሱ ባይገዛም የመብራት አገልግሎቱ እንደማይጎድል ከስሙ ጎን እንዲጽፍ አስገድዳለች። ዋጋው የአንድ ዓረፍተ ነገር ቀለም ነው።

ይህ ሁሉ ወሰን አለው። የተለየ ኩባንያ በወረቀት ላይ ብቻ ከተቋቋመ፣ ቦርዱም ሥራ አስኪያጁም የእናት ድርጅቱ ሰዎች ከሆኑ፣ ከሳጥኑ ላይ ስም ከመቀየር አያልፍም። ተቆጣጣሪው የሂሳብ መዝገብ ገልጦ የሚያነብ ባለሙያ ከሌለው ደንቡ አይሠራም። ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ መንግሥት ባለቤትም፣ ታሪፍ አጽዳቂም መሆኑ ነው። ዛሬ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የኤሌክትሪክ ታሪፍን መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ የመጨረሻው ፊርማ የእርሱ አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮምም በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ሥር ከሌሎች የመንግሥት ድርጅቶች ጋር ተሰልፏል። ባለቤቱ ትርፍ ሲፈልግ፣ አጥሩን የሚያላላውም እርሱ ራሱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የወጪ ድርሻውና የእህት ኩባንያ ውሎቹ ለሕዝብ መታተም አለባቸው። ፊርማውን ማንም ቢይዘው፣ የታተመ ቁጥርን ተወዳዳሪ፣ ጋዜጠኛና የሂሳብ ባለሙያ ሊያየው ይችላል።

በእርስዎ በኩል፣ ታሪፍ በሚከለስበት ጊዜ ሐሳብ የመስጠት ዕድል ካገኙ «ለምን ጨመረ?» ብለው አይጀምሩ፤ መልሱ ሁልጊዜ ተዘጋጅቶ ይጠብቅዎታል። ይልቅ የማስተላለፊያው ድርጅት ከፋይበር ኪራይ ባለፈው በጀት ዓመት ያገኘው የተጣራ ገቢ ስንት እንደሆነ፣ ከማማውና ከጥገናው ወጪ ለፋይበሩ የተመደበው ስንት እንደሆነ፣ ከገቢው ውስጥ በጅምላ የኃይል ዋጋ ላይ የተቀነሰው ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ። ሦስቱም ቁጥሮች አንድ ገጽ አይሞሉም። ሦስተኛው ባዶ ከሆነ፣ የታሪፍ ስሌቱ ውስጥ «ሌላ ገቢ» የሚለው መስመር ይገባ ዘንድ ያመልክቱ።